ሞልዬር፦ በዘውድ ጥላ ሥር የኖረ የሕዝብ ሳቅ

በአንድ ዘመን የሚነሣ የኪነ ጥበብ ሰው ከሚኖርበት ኅብረተሰብ ውጭ ቆሞ ሊጽፍ አይችልም። እንጀራውን የሚያበላው ማን እንደሆነ፣ ሥራውን የሚፈቅድለትና የሚከለክለው ማን እንደሆነ፣ ከመድረኩ ፊት ቆሞ የሚያየው የትኛው የኅብረተሰብ ክፍል እንደሆነ በውል ሳይመረመር የአንድን ጸሐፌ ተውኔት ሥራ ለመመዘን መሞከር፣ ዛፉን ሳያዩ ስለ ፍሬው እንደ መፍረድ ይቆጠራል። በ17ኛው ምዕተ ዓመት በፈረንሣይ ኖሮ ያለፈው ተዋናይና ጸሐፌ ተውኔት ሞልዬር ለዚህ አባባል ጥሩ ማስረጃ ነው። ሞልዬር በዘመኑ የነበሩትን ግብዞች፣ ባላባቶች፣ ሐኪሞችና ከበርቴዎች አንድ በአንድ በመድረክ ላይ አቁሞ ሕዝብ እንዲስቅባቸው አድርጓል። ይሁንና ይህን ሁሉ ያደረገው በአንድ ፍፁማዊ ንጉሥ ፈቃድና ድጎማ ነበር። የሕይወቱን ታሪክ ስንመረምር የምናገኘው ዐቢይ ጥያቄም ይኸው ነው፤ ከገዢው እጅ የተሰጠ ነፃነት እስከ ምን ድረስ ያራምዳል?

ቀጥሎ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

ሞልዬር የመድረክ ስሙ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ዣን ባቲስት ፖክለን ሲሆን፣ ክርስትና የተነሣው በ1622 ዓ.ም. ጥር 15 ቀን በፓሪስ ከተማ በሴንት ዩስታሽ ቤተ ክርስቲያን ነበር። አባቱ ዣን ፖክለን የአልጋ ልብስ፣ የመጋረጃና የወንበር ልባስ የሚያሠራ የተሳካለት ነጋዴ ነበር። በ1631 ዓ.ም. ከገዛ ወንድሙ ላይ የንጉሥ አልጋ አንጣፊነትን ሹመት ተረከበ። በዚያ ዘመን በፈረንሣይ ሹመት እንደ ማንኛውም ዕቃ የሚሸጥ፣ የሚለወጥና በውርስ የሚተላለፍ ሀብት እንደነበረ መዘንጋት አይገባም። ከበርቴው ከንግድ ያገኘውን ገንዘብ ሹመት ይገዛበታል፤ በሹመቱም ወደ ቤተ መንግሥቱ ደጅ ይጠጋል፤ ከልጅ ልጆቹ አንዱ ከመኳንንት እንዲቆጠርለት ይመኛል። የፖክለን ቤተሰብም በዚሁ መሰላል ላይ እግሩን ያሳረፈ ቤተሰብ ነበር።

ልጁ አሥር ዓመት ሲሆነው እናቱ ማሪ ክሬሴ ሞተች። በዘመኑ ዕውቅ በነበረው በኢየሱሳውያኑ የክሌርሞን ኮሌጅ እንደ ተማረና ሕግም እንዳጠና ይነገራል። በ1637 ዓ.ም. የአባቱን ሹመት እንዲወርስ ቃለ መሐላ ፈጸመ። ኑሮው ተደላድሎለት፣ መንገዱ ተጠርጎለት ነበር ማለት ነው።

ይህን የተጠረገ መንገድ በ1643 ዓ.ም. በገዛ እጁ ተወው። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ የሹመት ወራሽነቱን ካደ፤ ሰኔ 30 ቀን ደግሞ ማድሌን ቤዣር ከተባለችው ተዋናይትና ከሌሎች ጓደኞች ጋር ሆኖ «ኢሉስትር ቴአትር»፣ ማለትም «ዕውቁ ቴአትር» የተባለውን ማኅበር ለማቋቋም ውል ፈረመ። የ21 ዓመት ወጣት ነበር። የዚህን ውሳኔ ክብደት ለመገንዘብ ተዋናይ በፈረንሣይ ኅብረተሰብ ውስጥ የነበረውን ስፍራ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1641 ዓ.ም. ንጉሥ ሉዊ 13ኛ ባወጣው አዋጅ፣ ተዋናዮች ሥራቸውን በጨዋነት እስካካሄዱ ድረስ ሙያቸው ሊያስነቅፋቸው እንደማይገባ ተደንግጎ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን አዋጅ እንዳልሰማች ሆና ቀጠለች። ተዋናይ በሞተ ጊዜ፣ ከመሞቱ በፊት ሙያውን ካልካደ በስተቀር፣ በፓሪስ ሀገረ ስብከት ሥርዓት መሠረት ኑዛዜም ቅዱስ ቁርባንም ክርስቲያናዊ ቀብርም የሚገባው አልነበረም። መኳንንቱ በምሽት ያጨበጭቡለታል፤ ካህኑ በሞቱ ጊዜ ደጁን ይዘጋበታል። ይህ ቅራኔ ሞልዬርን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲከተለው እናያለን።

«ዕውቁ ቴአትር» በስሙ ልክ ዕውቅ ሊሆን አልቻለም። የኳስ መጫወቻ አዳራሽ ተከራይተው ከ1644 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ትርዒት ቢያሳዩም፣ ተመልካች እየሳሳ፣ ዕዳ እየተቆለለ ሄደ። በ1645 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ሞልዬር በዕዳ ምክንያት ሻትሌ በተባለው ወኅኒ ቤት ለጥቂት ቀናት ታሰረ። ካሳሰሩት ባለ ዕዳዎች አንዱ የሻማ ነጋዴ ነበር። ነገሩ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ቴአትር በሻማ ብርሃን የሚታይ በመሆኑ ሻማ ከተዋናዮች ምግብ የማያንስ ወጪ ነበረው። ሻማው ከሌለ መድረኩም የለም።

ከእስር እንደ ወጣ ፓሪስን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ያሉት 13 ዓመታት ያህል በገጠርና በክፍለ አገር ከተሞች የዞረባቸው ዓመታት ናቸው። የሕይወት ታሪኩን የሚጽፉ ብዙዎች ይህን ጊዜ በአንድ አንቀጽ ሲዘልሉት ይታያል። በእኛ አስተያየት ግን ሞልዬርን ሞልዬር ያደረገው ትምህርት ቤት ይኸው ነው። ቱሉዝ፣ ሊዮን፣ ናርቦን፣ ፔዝናስ፣ ግሩኖብል እያሉ፣ ጓዛቸውን በጋሪ ጭነው፣ ከከተማው ሹም ፈቃድ እየለመኑ ሲዞሩ ከአገሪቱ ሕዝብ ሁሉ ጋር ተገናኙ። በዚያው ወቅት ከ1648 እስከ 1653 ዓ.ም. ድረስ «ፍሮንድ» በመባል የሚታወቀው የመሳፍንትና የፍርድ ቤቶች ዐመፅ አገሪቱን ያምሳት ነበር። ሞልዬር ነጋዴውን በሱቁ፣ ገበሬውን በገበያ፣ ጠበቃውን በፍርድ ቤት ደጅ፣ የገጠሩን ባላባት በፈራረሰ ግንቡ ውስጥ አያቸው። በኋላ በተውኔቶቹ የሰማናቸው የገበሬ አነጋገሮች ከዚህ የተገኙ ቢሆኑ አያስደንቅም። ለራሱ ማኅበር መጻፍ የጀመረውም በዚህ ጊዜ ሲሆን፣ «ቅብዝብዙ» የተባለው ተውኔቱ በሊዮን፣ «የፍቅር ኩርፊያ» ደግሞ በ1656 ዓ.ም. በቤዚዬ ታይተዋል።

ማኅበሩ ያለ ጌታ መኖር አይችልም ነበርና በመጀመሪያ በኤፔርኖን መስፍን፣ ቀጥሎም ከ1653 ዓ.ም. ጀምሮ በልዑል ኮንቲ ስም ተጠለለ። ልዑል ኮንቲ ቴአትር ወዳድ፣ ደስታ ፈላጊ መስፍን ነበር። ነገር ግን በ1656 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጥብቅ መንፈሳዊ ኑሮ ተመለሰና ተዋናዮቹን ስሙን እንዳይጠሩ ከለከላቸው። ይህም አልበቃው ብሎ ቴአትርን የሚያወግዝ መጽሐፍ ጻፈ፤ መጽሐፉ በሞተበት በ1666 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። የጌታ ፍቅር በአንድ ሌሊት ጥላቻ ሊሆን እንደሚችል ሞልዬር ገና በ34 ዓመቱ ተማረ።

ወደ ፓሪስ የተመለሰው በ1658 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት 24 ቀን በሉቭር ቤተ መንግሥት፣ የ20 ዓመት ወጣት በነበረው በሉዊ 14ኛ ፊት ቀረበ። ማኅበሩ ያሳየው የኮርኔይን «ኒኮሜድ» የተባለ የመከራ ተውኔት ነበር። ስኬቱ መጠነኛ ሆነ። ትርዒቱ እንዳበቃ ሞልዬር ወደ መድረኩ ወጥቶ በክፍለ አገር ሲያሳያት የነበረችውን አጭር ቧልት እንዲያቀርብ የንጉሡን ፈቃድ ለመነ። ንጉሡ ሳቀ። በዚያች ሳቅ ምክንያት ማኅበሩ ከጣልያናውያን ተዋናዮች ጋር በፈረቃ የሚጠቀምበት የፕቲ ቡርቦን አዳራሽ ተሰጠው፤ የንጉሡ ወንድም ስምም ጥላ ሆነው። ሞልዬር ዕድሜውን ሙሉ የመከራ ተውኔት ተዋናይ ለመሆን ይመኝ እንደነበረ ይታወቃል። ሕዝቡም ንጉሡም ግን ሳቁን እንጂ ልቅሶውን አልፈለጉለትም።

በ1659 ዓ.ም. ኅዳር 18 ቀን «አስቂኞቹ ቅምጥሎች» ታየ። ሁለት የከበርቴ ልጆች የመኳንንቱን ቤት አነጋገር ለመኮረጅ ሲሉ ወንበርን ወንበር፣ መስተዋትን መስተዋት ብሎ መጥራት ያስጠላቸዋል፤ በመጨረሻም ጌታ መስሎ የመጣ አሽከር ያታልላቸዋል። አሽከሩን የተጫወተው ሞልዬር ራሱ ነበር። ፓሪስ ከዳር እስከ ዳር ሳቀች። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ሞልዬር በሌላ ዘመንና በሌላ አገር ስለሚኖሩ ጀግኖች መጻፉን ትቶ በፊቱ የተቀመጡትን ሰዎች መሳል ጀመረ። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ነገር አለ። በዚያ ዘመን አዳራሽ ውስጥ መሬት ላይ ቆሞ የሚያየው ተመልካች 15 ሱ ይከፍል ነበር። መኳንንቱ ከዚህ ብዙ እጥፍ ከፍለው በመድረኩ ላይ፣ ከተዋናዮቹ ጎን ወንበር ይዘው ይቀመጡ ነበር። በመሆኑም ሞልዬር ባላባትን ሲያስመስል እውነተኛው ባላባት ከክንዱ አጠገብ ነበር፤ ቆሞ የሚያየው ሕዝብም ሁለቱን አነጻጽሮ ይስቅ ነበር።

በ1660 ዓ.ም. ፕቲ ቡርቦን ስለ ፈረሰ ማኅበሩ ወደ ፓሌ ሮያል ተዛወረ። በዚያው ዓመት የአባቱን ሹመት የወረሰው ታናሽ ወንድሙ ሞተና ሞልዬር በ1643 ዓ.ም. የካደውን የአልጋ አንጣፊነት ሹመት መልሶ ተረከበ። ብዙዎች ይህን እንደ ትንሽ ነገር ያልፉታል። እኛ ግን እንደዚያ አናየውም። ሹመቱ በዓመት ለተወሰነ ጊዜ በንጉሡ መኝታ ቤት ተገኝቶ አልጋውን ከሚያነጥፉት ጋር ማገልገልን የሚጠይቅ ነው። ተዋናይ ከንጉሥ ፊት የሚቆመው ሲጠራ ብቻ ነው፤ አልጋ አንጣፊ ግን ሳይጠራ ይገባል። ጠላቶቹ በበዙበት ጊዜ ይህ በር የጠቀመው ይመስለናል።

ጠላቶች ለመምጣት አልዘገዩም። በ1662 ዓ.ም. የካቲት ወር ሞልዬር አርማንድ ቤዣርን አገባ። እርሱ 40 ዓመቱ፣ እርሷ 20 ዓመት ገደማ ነበረች። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 26 ቀን «የሴቶች ትምህርት ቤት» ታየ። በዚህ ተውኔት አርኖልፍ የተባለ ሽማግሌ፣ ሚስቱ እንዳትከዳው በማለት አንዲትን ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከትምህርትና ከዓለም አርቆ በድንቁርና ያሳድጋታል፤ ልጅቱ ግን ማንም ሳያስተምራት ፍቅር ያስተምራታል። አርኖልፍን የተጫወተው ሞልዬር ነበር። ሴትን በድንቁርና አስሮ መያዝን የሚነቅፈው ይህ ተውኔት ብዙ ቁጣ ቀሰቀሰ። ተቀናቃኝ ተዋናዮች፣ ቅር የተሰኙ ባላባቶችና መንፈሳውያን ነን ባዮች በአንድነት ተነሡበት። ሞንፍለሪ የተባለው የኦቴል ደ ቡርጎኝ ተዋናይ ሞልዬር የገዛ ልጁን አግብቷል የሚል አስነዋሪ ክስ እስከ ንጉሡ ድረስ አደረሰ። ሞልዬር በ1663 ዓ.ም. በሁለት አጫጭር ተውኔቶች መለሰላቸው። ንጉሡም በበኩሉ የ1,000 ሊቭር ዓመታዊ ድጎማ ሰጠው፤ በ1664 ዓ.ም. የካቲት ወር ደግሞ የሞልዬር የመጀመሪያ ልጅ ሲጠመቅ የክርስትና አባት ሆነ። ከዚህ የበለጠ መልስ ለከሳሾቹ አልነበረም። ሕፃኑ ግን ዓመት ሳይሞላው ሞተ።

አሁን ወደ ሕይወቱ ዋና ትግል እንደርሳለን። በ1664 ዓ.ም. ግንቦት 12 ቀን በቬርሳይ በተደረገ ታላቅ የቤተ መንግሥት በዓል ላይ «ታርቲዩፍ» ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ኦርጎን የተባለ ባለጸጋ ከበርቴ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያለቅስና ደረቱን ሲመታ ያየውን ታርቲዩፍ የተባለ ሰው እንደ ቅዱስ ቆጥሮ ወደ ቤቱ ያስገባዋል። በኋላ በደረሰን ባለ አምስት ገቢር ተውኔት እንደምናየው፣ ታርቲዩፍ ያበላውን ቤት ይበላል፤ ሴት ልጁን ሊያገባ ይዘጋጃል፤ ሚስቱን ሊያማግጥ ይሞክራል፤ ሀብቱን በስጦታ ውል ይወስዳል፤ በመጨረሻም ባለ ቤቱን ከገዛ ቤቱ ሊያስወጣ ሹማምንት ይዞ ይመጣል። በቤቱ ውስጥ ነገሩን ከሁሉ በፊት አውቃ በግልጽ የምትናገረው ዶሪን የተባለችው የቤት ሠራተኛ ናት። ለጌታው የማይታየው ለአገልጋይቱ ወለል ብሎ ይታያታል፤ ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በሞልዬር ተውኔቶች ውስጥ አእምሮ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ከታች በኩል ይገኛል።

ተውኔቱ ሃይማኖትን አልነካም። የነካው በሃይማኖት ስም የሚነግደውን ነው። የዘመኑ ኃያላን ግን በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ሊያዩ አልፈለጉም፤ ወይም አይተውት ይበልጥ ተቆጡ። በዚያን ጊዜ «የቅዱስ ቁርባን ማኅበር» የሚባል ከ1630 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተደራጀ ምስጢራዊ ማኅበር ነበር። መሳፍንት፣ ዳኞችና ጳጳሳት በአባልነት የሚገኙበት ይህ ማኅበር ድኾችን ይረዳ ነበር፤ ያንኑ ያህልም የሰዎችን የቤት ውስጥ ኑሮ ይሰልልና ያሳጣ ነበር። ተውኔቱ ከመታየቱ ከአንድ ወር ያህል በፊት በሚያዝያ 1664 ዓ.ም. ባደረገው ስብሰባ እንዲታገድ ለመሥራት ተመካከረ። የፓሪስ ሊቀ ጳጳስ ፔሬፊክስም ንጉሡን ተማጸነ። አንድ የፓሪስ ቄስ ሞልዬርን በሥጋ የተገለጠ ሰይጣን አድርጎ በመሣል በእሳት መቃጠል እንደሚገባው የሚያሳስብ መጽሐፍ ለንጉሡ አቀረበ። ንጉሡ ራሱ በተውኔቱ እንዳልተቀየመ ይታወቃል፤ ሆኖም በሕዝብ ፊት እንዳይታይ ከለከለ። እናቱ ንግሥት አን ጥብቅ መንፈሳዊ ነበረች፤ ከካህናቱ ጋር በአንድ ቧልት ምክንያት መጋጨት ለዙፋኑ የሚጠቅም አልነበረም።

ሞልዬር ተስፋ አልቆረጠም። ተውኔቱን በየባለጸጋው ቤት ያነበው ጀመር። በዚህ መካከል ማኅበሩ መብላት ስላለበት በ1665 ዓ.ም. የካቲት 15 ቀን «ዶን ዡዋን»ን አቀረበ። ይህ ከ«ታርቲዩፍ» የባሰ ደፋር ሥራ ነበር። ዶን ዡዋን ምንም የማያምን፣ ሴት የሚያታልል፣ ዕዳውን የማይከፍል መኳንንት ነው፤ በመጨረሻው ገቢር ግን መንፈሳዊ መስሎ መታየት ከሁሉ የሚያዋጣ ሥራ መሆኑን ተረድቶ ግብዝ ይሆናል። ለአንድ ለማኝ እግዚአብሔርን ከሰደበ ወርቅ እንደሚሰጠው የሚነግርበት ትዕይንት ከመጀመሪያው ምሽት በኋላ ተቆርጦ ወጣ። ተውኔቱ በ15 ምሽቶች ብዙ ገንዘብ አስገብቶ፣ ማንም በይፋ ሳይከለክለው፣ ከመድረክ ጠፋ። ሞልዬር በሕይወት እያለ ዳግመኛ አልታየም፤ አልታተመምም። በ1682 ዓ.ም. በታተመ ጊዜም ሳንሱሩ ገጾቹን ቆረጣቸው።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ማኅበሩ «የንጉሡ ማኅበር» ተብሎ ተሰየመና የ6,000 ሊቭር ድጎማ ተመደበለት። የፖለቲካውን ሚዛን ተመልከቱ፤ ንጉሡ በአንድ እጁ ተውኔቱን ይከለክላል፣ በሌላ እጁ ደራሲውን ያሳድጋል። ተውኔቱ አልተፈቀደም፤ ሰውየው ግን ተጠብቋል።

በ1667 ዓ.ም. ሞልዬር ንጉሡ በቃል የፈቀደለት መስሎት ተውኔቱን አለሳልሶ፣ ስሙን «አታላዩ» ብሎ፣ ታርቲዩፍንም ፓኑልፍ አሰኝቶ ነሐሴ 5 ቀን በፓሌ ሮያል አሳየው። ንጉሡ በዚያን ጊዜ በፍላንደርስ ጦር ሜዳ ሊልን ከብቦ ነበር። በእርሱ ስፍራ ከተማዪቱን የሚያስጠብቀው የፓሪስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ላሙዋኞን በማግስቱ ከለከለው። ሞልዬር ሁለት ተዋናዮቹን፣ ላ ግራንዥንና ላ ቶሪዬርን፣ አቤቱታ አስይዞ ወደ ጦር ሰፈሩ ሰደዳቸው። በደግነት ተቀበሏቸው፤ ፈቃድ ግን ይዘው አልተመለሱም። ነሐሴ 11 ቀን ሊቀ ጳጳሱ ተውኔቱን የሚያሳይ ብቻ ሳይሆን የሚያነብና ሲነበብ የሚሰማ ሁሉ የተወገዘ መሆኑን አወጀ። አዳራሹ ለሰባት ሳምንታት ያህል ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየላላ ሄደ። ንግሥት አን በ1666 ዓ.ም. ሞታ ነበር፤ ምስጢራዊው ማኅበር ተዳክሞ ነበር። በ1669 ዓ.ም. መጀመሪያ በሮምና በፈረንሣይ ካህናት መካከል ይካሄድ የነበረው ክርክር በስምምነት ተዘጋ። በየካቲት 5 ቀን «ታርቲዩፍ» በይፋ ተፈቀደ። ላ ግራንዥ በየዕለቱ በሚጽፈው መዝገብ እንዳሰፈረው የዚያ ቀን ገቢ 2,860 ሊቭር ነበር። ሕዝቡ ለመግባት ሲጋፋ ሰው ሊሞት ተቃርቦ ነበር ይባላል። ኦርጎንን ሞልዬር ተጫወተ። ሞልዬር በዚያው ዕለት ለንጉሡ ባቀረበው ልመና ለሐኪሙ ልጅ በቬንሴን ቤተ ክርስቲያን የካህን ሹመት እንዲሰጥለት ጠየቀ። አምስት ዓመት ሙሉ በካህናት የተዋጋ፣ በሐኪሞች የቀለደ ሰው፣ ባሸነፈበት ቀን ለሐኪም ልጅ ክህነት ሲለምን እናየዋለን። ከዚህ የበለጠ ቧልት ራሱም አልጻፈም።

ስለ ተውኔቱ መደምደሚያ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባም። ኦርጎን ሊጠፋ ሲል የንጉሡ መኮንን ደርሶ ታርቲዩፍን ያስራል፤ ንጉሡ ሁሉን የሚያይና የማይታለል መሆኑ በረጅም ንግግር ይመሰገናል። ብዙ ተቺዎች ይህን ፍጻሜ በውዴታ የተለጠፈ የቤተ መንግሥት ሙገሳ ነው በማለት ይነቅፉታል። ትክክል ናቸው፤ ግን በከፊል ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ የሚያሳየው ነገር አለና። ሕጉ ለታርቲዩፍ ሠርቷል፣ ዳኛው ለታርቲዩፍ ፈርዷል፣ ውሉ ጸንቷል። ከንጉሡ በቀር የተረፈ አንድም አዳኝ የለም። ይህ ለንጉሡ ሙገሳ ሊሆን ይችላል፤ ለአገሪቱ ሥርዓት ግን ክስ ነው። የተውኔቱም የራሱ ታሪክ እንደዚሁ ነው የተፈታው።

ከዚህም የተነሣ ሞልዬርን አብዮተኛ ለማድረግ የሚቃጣቸውም፣ የቤተ መንግሥት አጫዋች ብለው የሚንቁትም ከእውነቱ የራቁ ይመስሉናል። ዙፋኑን አልነካም፤ ሊነካም አልፈለገም። ነገር ግን ከዙፋኑ በታች ያለውን ሁሉ መርምሯል። «ሰው ጠሉ» በ1666 ዓ.ም. የቤተ መንግሥቱን ሽንገላ ገለጠ፤ በዚያው ዓመት «የፌዝ ዶክተር» አንድ እንጨት ቆራጭ በዱላ ተደብድቦ ሐኪም እንዲሆን ሲገደድ አሳየ። በ1668 ዓ.ም. «ስስታሙ» ገንዘብ አባትን ከልጆቹ እንዴት እንደሚለይ፣ «ዦርዥ ዳንደን» ደግሞ የባላባት ልጅ ያገባ ሀብታም ገበሬ በገዛ ገንዘቡ ውርደት እንዴት እንደሚገዛ አሳዩ። በ1670 ዓ.ም. በሻምቦር የታየው «መኳንንት መሳዩ ከበርቴ» የራሱን መደብ ሕልም አላገጠበት፤ ሙሴ ዡርደን የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ሞልዬርም የመጋረጃ ነጋዴ ልጅ ነበር። በአገራችን ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ታርቲዩፍ»ንና «የፌዝ ዶክተር»ን ወደ አማርኛ መልሷቸዋል፤ የአማርኛ ተመልካችም እነዚህን ሰዎች ለማወቅ ማስተዋወቂያ እንዳላስፈለገው የሚመሰክር ምርጫ ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ከባድ ነበሩ። ከ1665 ዓ.ም. ጀምሮ ሳንባው ታሞ ነበር፤ ሳሉ በመድረክ ላይ እንኳ አይለቀውም ነበርና ስስታሙን ሲጽፍ ሳሉን ለገጸ ባሕርዩ ሰጠው። በ1672 ዓ.ም. የካቲት 17 ቀን የወጣትነት ጓደኛው ማድሌን ቤዣር ሞተች። በዚያው ዓመት ለብዙ ጊዜ አብሮት የሠራው ሙዚቀኛ ሉሊ በሙዚቃ የታጀበ ትርዒት የማሳየትን ብቸኛ መብት ከንጉሡ አገኘ፤ ሌሎች ቴአትሮች የሚጠቀሙባቸው ዘፋኞችና ሙዚቀኞችም በቁጥር ተወሰኑ። የንጉሡ ፊት ወደ ሌላ መዞር ጀምሮ ነበር። «የሐሳብ በሽተኛው» በተጻፈ ጊዜ ሙዚቃውን ያዘጋጀው ሻርፓንቲዬ ነበር፤ የታየውም በ1673 ዓ.ም. የካቲት 10 ቀን በቤተ መንግሥት ሳይሆን በፓሌ ሮያል በሕዝብ ፊት ነው።

በየካቲት 17 ቀን፣ ማድሌን በሞተች ልክ በዓመቷ፣ ለአራተኛ ጊዜ ሊታይ ተዘጋጀ። ሞልዬር በጠና ታሞ ነበር። እንዳይጫወት ሲለምኑት፣ የዕለት ደመወዛቸውን ከዚያ ትርዒት የሚጠብቁ ሠራተኞች እንዳሉ በማሰብ አልቀርም አለ ይባላል። ያልታመመ በሽተኛ ሆኖ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በመጨረሻው ትዕይንት፣ በቀልድ ሐኪም ተብሎ ሲሾምና ሲምል፣ ሕመሙ ያዘው፤ በሳቅ ሸፈነው። ትርዒቱ እስኪያልቅ ታግሦ ሪሽልዬ መንገድ ወደሚገኘው ቤቱ ተወሰደ። ደም እያስመለሰው በዚያችው ሌሊት ሞተ። ሁለት የአጥቢያው ቄሶች ተጠርተው አንመጣም አሉ፤ ሦስተኛው ሲደርስ ሞልዬር ሞቶ ነበር። ሙያውን ሳይክድ ቀረ።

የአጥቢያው ቄስ ቀብር ከለከለ። አርማንድ ለሊቀ ጳጳሱ አቤቱታ አቀረበች፤ ንጉሡ እግር ላይም ወደቀች። ንጉሡ ለሊቀ ጳጳሱ ነገሩ ያለ ጫጫታ እንዲያልቅ ከማሳሰብ በቀር በግልጽ አላዘዘም። ሊቀ ጳጳሱም ከሁለት ካህናት የማይበልጡ እንዲገኙ፣ ቀብሩ በቀን እንዳይሆን፣ ጸሎተ ፍትሐትም በታላቅ ሥነ ሥርዓት እንዳይደረግ በማስጠንቀቅ ፈቀደ። በየካቲት 21 ቀን ማታ፣ ችቦ የያዙ ሰዎች ሬሳውን ተከትለው፣ በቅዱስ ዮሴፍ የመቃብር ስፍራ ተቀበረ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ሉሊ የፓሌ ሮያልን አዳራሽ ከንጉሡ ተቀበለና ማኅበሩ ሜዳ ላይ ወደቀ። አርማንድና ላ ግራንዥ ሌላ አዳራሽ ፈልገው አብረው አቆዩት። በ1680 ዓ.ም. ንጉሡ ማኅበሩን ከተቀናቃኙ ከኦቴል ደ ቡርጎኝ ጋር አዋሕዶ ኮሜዲ ፍራንሴዝን አቋቋመ። ዛሬም የሞልዬር ቤት በመባል ይታወቃል፤ ሞልዬር በመጨረሻው ቀን የተቀመጠበት ወንበርም በዚያው ተጠብቆ ይገኛል።

የሴንት ዩስታሽ አጥቢያ የቀብር መዝገብ ግን ተዋናይም ሆነ ጸሐፌ ተውኔት የሚል ቃል አላሰፈረም። ዣን ባቲስት ፖክለን ደ ሞልዬር በ21 ዓመቱ በካደው ሥራ፣ የንጉሥ አልጋ አንጣፊ ተብሎ ተመዝግቧል።